ሳቅ ፍለጋ የወጡ ሰዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት፣ አባቴን ይዤ አንድ የኮሜዲ ዝግጅት ለማየት ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ሁለተኛው ፋሲካ ነበር። ቤቱ ጭር ብሎ፣ ዶሮው ሳይነካ ውሎ፣ ቴሌቪዥኑ ለማንም ሲለፈልፍ ሳየው «አባዬ፣ ተነሱ እንውጣ» አልኳቸው። ለሁለት ትኬት አራት መቶ ብር ከፈልኩ። ፖስተሩ ላይ ብዙ ስም ተደርድሯል፤ እኔ የፈለግኩት ግን አንዱን ብቻ ነው።

የሰውየውን ስም አልጠራም። የምጽፈው እሱን ለመክሰስ ስላልሆነ፣ ይልቁንም የምከሰሰው እኔ ስለሆንኩ ስሙ ባይነሳ ይሻላል። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ከዘፈን ካሴቶች መሐል የዚህ ሰው የቀልድ ካሴት ነበር። ባላገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ሲያነጋግር የሚለውን ቀልድ እናቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ታውቀው ነበር። የሚያስቀው ቦታ ላይ ሳይደርስ ቀድማ ትስቃለች፤ አባቴ ደግሞ እሷን አይተው ይስቃሉ። እንግዲህ ትኬቱን ስገዛ የገዛሁት ምን እንደነበር አንባቢ ሳይገምት አይቀርም።

ሰውየው መጨረሻ ላይ ወጣ። ከስቷል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲበርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለፈው ክረምት ታምሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር መናገር ጀመረ። አጠገቡ ስለተኛው አንድ ሽማግሌ አወራ፤ ሽማግሌው ማታ ማታ ምን ይለው እንደነበር ሊነግረን ተንደረደረ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ገና አልለየም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ ሳቅ የለም። ከኋላ አንዱ «ስልኩን!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀበለው። እኔም እንደ ሕዝቡ እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ስልኩን! ስልኩን!» አልኩ።

ሰውየው ዝም አለ። ፈገግ አለና በባዶ እጁ እጀታ እንደሚያነሳ ሰው አደረገ። ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀልዱን በአራት ደቂቃ ጨርሶ እጅ ነሥቶ ወረደ። ስንወጣ ከፊታችን ያሉት ጎረምሶች «ይሄንንማ ቤታችን ሆነን እንሰማው የለ!» እያሉ ያማርራሉ። «ስልኩን!» ሲሉ ከነበሩት መሐል እንደሆኑ በድምፃቸው አውቄያቸዋለሁ።

አባቴ ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ድረስ አልተናገሩም። ከዚያ «ያ ሽማግሌ ምን እንዳለው ሳንሰማ ቀረን እኮ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ይህች ቃል ናት መጻሕፍት ያስገለጠችኝ። ሳቅ ፍለጋ የወጣ ሰው ተከፍቶ ሲመለስ ጥፋቱ የማን ነው? ነገሩ የእኛ ዘመን፣ የእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልሆነ ያወቅኩት ሮም ድረስ ወርጄ ነው።

ቴሬንስ የሚባለው የሮማ የቀልድ ተውኔት ጸሐፊ፣ እንደ ጥንቶቹ ታሪክ ጸሐፊዎች አባባል፣ ካርቴጅ ተወልዶ ባሪያ ሆኖ ወደ ሮም የመጣ ሰው ነው። ጌታው ብልህነቱን አይቶ አስተማረው፤ ነጻም አወጣው። ከስሙ መጨረሻ የተቀጠለው «አፈር» የሚለው ቃል «አፍሪካዊ» ማለት ነው፤ ከእኛ አፈር ጋር ዝምድና የለውም። ይህ ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ስድስት ተውኔት ጻፈ። ከስድስቱ አንዷ ግን ዕድሏ ጠማማ ሆነ። ስሟ «ሄኪራ» ነው፤ «አማት» ማለት ነው።

«አማት» ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ165 ዓመት፣ ለአማልክት እናት በሚደረገው በዓል ላይ ነበር። ጨዋታው ገና ሲጀመር በገመድ ላይ የሚራመድ ሰውና ቡጢ የሚጋጠሙ ሰዎች መጥተዋል ተባለ። ሕዝቡ ተንጫጫ፤ ተዋንያኑ መቀጠል አቅቷቸው ተበተኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ160፣ ሉክዮስ ኤሚልዮስ ጳውሎስ የተባለው፣ መቄዶንያን ያስገበረው የጦር አለቃ ሲሞት በቀብሩ በዓል ላይ እንደገና ተሞከረች። የመጀመሪያው ክፍል ተወዶ ነበር። መሐል ላይ ግን ግላዲያተሮች ሊጋጠሙ ነው የሚል ወሬ ገባና ሰው ቦታ ለመያዝ እየተገፋፋ እየተጋፋ መጣ፤ ተዋንያኑ እንደገና መድረኩን ለቀቁ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበች። ያን ጊዜ ብቻ እስከ ፍጻሜዋ ታየች።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ለሦስተኛው ጊዜ ከተጻፈው መቅድም ነው። መቅድሙን መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው የቡድኑ መሪ አምቢቪዮስ ቱርፒዮ፣ ሽማግሌ ተዋናይ ነበር። ሕዝቡን አልተሳደበም። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸውና ዛሬ ጸጥታ አለ፣ ዕድሉን ስጡን ብሎ ለመናቸው። ድሮም የሌላ ጸሐፊ፣ የካይኪልዮስ፣ ተውኔቶች ከመድረክ ሲባረሩ እኔ ነኝ ደጋግሜ ያወጣኋቸው፤ በመጨረሻም ተወደዱ እያለ ያስታውሳቸዋል። እኔን ያ ሽማግሌ ነው የገረመኝ። የከበረ ተዋናይ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ በተረገጠ ሥራ ሦስተኛ ጊዜ ፊቱን ለሕዝብ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን መቅድሙ የአንድ ወገን ቃል መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ቡድኑ ጥፋቱን ሁሉ በገመድ ተራማጁ ላይ ጫነው። ተውኔቷን ላነበበ ሰው ግን ሌላም ጥርጣሬ ይመጣል። «አማት» የሚል ስም የሰማ ሮማዊ ምን ሊያይ ነው የመጣው? እንደ እኛው የአማትና የምራት ጠብ፣ የጓዳ ንትርክ፣ ስድብ ሊሰማ ነው። ቴሬንስ የሰጠው ግን ሌላ ነው። ምራቲቱ ቤቱን ጥላ ስትሄድ ሁሉም ሰው «አማቲቱ ናት ያባረረቻት» ይላል። እውነቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ አማቲቱ ደግ ሴት ናት፤ ለልጇ ትዳር ስትል ከተማውን ትታ ገጠር ልትገባ እንኳ ትነሳለች። ጸጥ ያለ፣ ከመሳቅ ይልቅ ማዘን የሚቀናው ነገር ነው። ጠብ ሊያይ የመጣ ሰው በምራቲቱ ፈንታ አሳቢ አማት ሲሰጡት፣ ከውጭ ቡጢ አለ ቢሉት ለምን አይወጣም? ደግሞም በዚያ ዘመን ትኬት የለም። ድግሱን የሚደግሱት ሹማምንት ወይም ባለ ሀብት ቤተ ዘመድ ናቸው። ተመልካቹ ሲሄድ የሚያጣው ነገር አልነበረምና እግሩ ወደ መራው ሄደ።

ትኬት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የከፈለ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ለዚህ ከለንደኑ ታሪክ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1749 መጀመሪያ የለንደን ጋዜጦች ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ጥር 16 ቀን ሄይማርኬት በሚገኘው ቴአትር ቤት አንድ ሰው ከተመልካች በተዋሰው ከዘራ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሁሉ ድምፅ ይጫወታል፤ ከዚያም ተራ የወይን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሁሉም ከመረመረው በኋላ ሰውየው ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ይዘፍናል ይላል። ልብ በሉ፤ ጠርሙስ ውስጥ! ሕዝቡ ጎረፈ። የንጉሡ ልጅ የከምበርላንድ መስፍን ሳይቀር ተገኘ። የመድረክ አጠገቡ ቦታ ሰባት ሺሊንግ ተኩል፣ የሰገነቱ ሁለት ሺሊንግ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፤ ማንም አልወጣም። ጩኸቱ ሲበረታ ከሕዝቡ መሐል አንድ ቀልደኛ «እጥፍ ከከፈላችሁ ሰውየው በግማሹ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል» አለ ይባላል። እንደ እኔ ከሆነ በዚያ ምሽት ከተባለው ሁሉ ለዋጋው የሚበቃ ቀልድ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ የተለኮሰ ሻማ ወደ መድረኩ ተወረወረ፤ ወንበሩ ተነቃቀለ፤ መጋረጃውና እንጨቱ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ተቃጠለ። ነገሩ ሰው ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ ለመፈተን በውርርድ የተደረገ ነው ተብሎ ተወራ። ውርርዱ እውነት ከሆነ አሸናፊው ገንዘቡን ሊወስድ ይገባዋል።

በኋላ ዘመን እዚያው ለንደን የሙዚቃ አዳራሾች በዙ። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሁለት ምሽቶችን ይተርካል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በ1894 አልደርሾት በምትባል የወታደሮች ከተማ የሆነ ነው። ዘፋኝ የነበረችው እናቱ መድረክ ላይ ሳለች ድምፅዋ ይከዳታል። ወታደሮቹ ይስቁባታል፣ ያፏጫሉ። መድረኩን ጥላ ስትወጣ ኃላፊው የአምስት ዓመቱን ሕፃን ይዞ ያወጣዋል። ሕፃኑ መዝፈን ሲጀምር ሳንቲም ይዘንብለታል። ዘፈኑን ያቆምና «መጀመሪያ ገንዘቡን ልልቀም፣ ከዚያ እዘፍናለሁ» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ያብዳል። ከዚያም ሳያውቅ በየዋህነት፣ የእናቱን የተሰበረ ድምፅ ሳይቀር አስመስሎ ይዘፍናል። ይህም ያስቃል። ያ ሕዝብ ከደቂቃዎች በፊት የተቆጣበትን ነገር፣ የዚያችኑ ሴት ድምፅ መሰበር፣ አሁን በልጇ አፍ ሰምቶ ሳቀበት፤ ገንዘብም ወረወረ። ለእናቲቱ ግን ያ ምሽት የመጨረሻ የመድረክ ምሽቷ እንደሆነ ልጇ ጽፏል።

ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ ነው። ቻፕሊን ገና ጎረምሳ ሳለ ብቻውን ቀልደኛ ለመሆን ተመኘ። የአይሁድ ኮሜዲያን ነኝ ብሎ ጢም ለጠፈ፤ ቀልዶቹን ከአንድ የአሜሪካ የቀልድ መጽሐፍ ቃረመ። ለአንድ ሳምንት ሙከራ፣ ያለ ክፍያ፣ የተፈቀደለት አዳራሽ ፎረስተርስ ይባላል። የሚገኘውም በለንደን የአይሁዶች ሰፈር መሐል ነው! ሁለት ሦስት ቀልድ እንደተናገረ ሳንቲምና የብርቱካን ልጣጭ ይወረወርበት ጀመር፤ እግር ተደበደበ፤ ተጮኸበት። ጨርሶ ሲወርድ ቀለሙን አጥቦ ከአዳራሹ ወጣ፤ የሙዚቃ ደብተሮቹን ለመውሰድ እንኳ ተመልሶ አልሄደም። የቀልዶቹን ይዘት ያኔ እንዳልተረዳው፣ ቀልዶቹ ግን አይሁድን የሚያንቋሽሹ እንደነበሩ ራሱ በኋላ አምኗል። እዚህ ላይ ለተመልካቹ እፈርድለታለሁ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊዝናና ሄዶ፣ በማያውቀው ሰው፣ ያውም በተሰበረ አነጋገር፣ ወገኑ ሲሰደብ ሊሰማ አይገባውም።

ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ ዘንድ አዝማሪ ነበር፤ አሁንም አለ። ካሳንቺስ ሳይፈርስ በፊት በነበሩት አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ትኬት የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይመጣና ያወድስሃል፣ ይነካካሃል። አንተም «ተቀበል!» ትልና ግጥም ትሰጠዋለህ፤ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። ያስቀህ እንደሆነ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ፤ ካላሳቀህ ዝም ትላለህ። ቀልዱ ደካማ ከሆነ ግማሹ ጥፋት የአንተ ነው፤ ግጥሙን የሰጠኸው አንተ ነህና። በእንዲህ ዓይነት ቤት የተከፋ ተመልካች አይታጣም፤ ግን ተታለልኩ የሚል የለም። ምንም ነገር አስቀድሞ አልተሸጠለትም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግን ተከፍተው የወጡ ተመልካች ናቸው። ከዐድዋ በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ተሻግረው፣ እዚያ ተምረው፣ የመድፈኛ መኮንን ሆነው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቴአትር ምን እንደሆነ አይተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር እይ ተብለው ተጋበዙና ሲሄዱ የጠበቃቸው ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ነበር። ከዚያ ቅሬታ የተነሳ ቴአትር ማለት እንዲህ ነው ለማለት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ብዙዎች ዘመኑን 1913 ዓ.ም. ይሉታል። የታየውም ቴራስ ሆቴል ነው። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ልደት የሚቆጠረው ከዚህ ነው። እንግዲህ የቴአትራችን አባት አንድ የተከፋ ተመልካች ነው ማለት ነው።

በበኩሌ እነዚያ አዝማሪዎች ተበድለዋል እላለሁ። እነሱ የሚያውቁትን ነው የሠሩት፤ «ቴአትር» የሚለውን ስም የለጠፈባቸው ጋባዡ ነው። ሩሲያ ያየውን ጠብቆ የመጣ አንድ ሰው ከመሐላቸው በመቀመጡ የእነሱ ጨዋታ በድንገት ጉድለት ሆነ። አጠገባቸው ተቀምጠው ሲስቁ ያመሹትን ማን ጠየቃቸው?

የበጅሮንድ ዕጣ ደግሞ ከአዝማሪዎቹ የከፋ ሆነ። አውሬዎቹ በተረት አስመስለው የሚናገሩት ስለ መንግሥት ሥራ መበላሸትና ስለ ሹማምንት ጉቦ ነበር። የእሳቸው ተመልካቾች አልገባንም ብለው የተከፉ አይደሉም፤ እጅግ የገባቸው ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት፤ ቴአትርም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ እንደ ተዳፈነ ቆየ። ከመድረክ ብርቱካን ልጣጭ ቢወረወርባቸው ይሻላቸው እንደነበር አስባለሁ።

ስለ ሆስፒታሉ ሽማግሌ ሳስብ ግን ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ሌኒ ብሩስ በቀልዱ ነውር ተናገረ እየተባለ ደጋግሞ ታሰረ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ተፈረደበት። በመጨረሻ ዘመኑ መድረክ ላይ የሚወጣው የፍርድ ቤት መዝገብ ይዞ ነበር። ሊስቅ የመጣ ሰው ክርክር ሲነበብለት ያመሻል። በ1966 ሞተ። የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ይቅርታ ያደረገለት በ2003 ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ዘግይቶ። ያን መዝገብ ሲያነብ እያዛጉ የወጡ ሰዎች ትኬታቸውን ምን ያህል እንደሚሸጡት ዛሬ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ዴቭ ሻፔል ነው። ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የተባለውን የቴሌቪዥን ውል በ2005 ጥሎ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰውዬ። ነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ሃርትፎርድ ከተማ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ የድሮውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀልዶች እየጠራ ይጮህበት ጀመር። ጸጥ እንዲሉለት ጠየቀ። እንቢ ሲሉት ቀልዱን አቆመ። ግን አልሄደም። ሲጋራውን አጨሰ፤ ተቀመጠ፤ በውሉ የተጻፈው ደቂቃ እስኪያልቅ ጠብቆ ወረደ። ጋዜጦቹ ግማሾቹ ኮሜዲያኑ ከሸፈ፣ ግማሾቹ ሕዝቡ ባለጌ ነው አሉ። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ «ስልኩን!» የሚለው የራሴ ድምፅ ነው። ሻፔል ሚሊዮን ያስጠጋል፤ ዝም ማለት ይችላል። የእኛው ሰው ዝም ቢል በሚቀጥለው ፋሲካ ማን ይጠራዋል?

ስለ ካሴቱም ትንሽ ልበል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳና ሌሎችም ቀልድን በካሴትና በቴሌቪዥን በየቤቱ አስገቡት። ከዚያ በፊት የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያንዳንዱ ተራኪ እንደ አቅሙ ይጨምርበት ይቀንስበት ነበር፤ ሰምቼዋለሁ ብሎ የሚያቋርጥ የለም፤ እንደውም «ያቺን ንገረን» ይባላል። ካሴት ግን ቀልዱን በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ አሰረው። ባለቤቱ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ከካሴቱ ጋር ይወዳደራል። እንደ ካሴቱ ካደረገ «የሰማነው ነው»፤ ከለወጠ «አበላሸው»። ዘፋኝ አሮጌ ዘፈኑን ቢደግም እናለቅስለታለን። ቀልደኛ ሲደግም ግን እንደተዘረፍን እንቆጥረዋለን፤ ካልደገመም እንጮህበታለን። ለዚህ መልስ አለኝ አልልም። እኔ ራሴ ያን ምሽት የፈለግኩት ቀልዱን እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። እናቴ ቀድማ የምትስቅበትን ቦታ ነበር የምጠብቀው። እዚያ ሲደረስ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አባቴን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከመድረክ ዝግጅት ጋር የሚሠራ አንድ ጓደኛዬን ስለ ሰውየው ጠየቅኩት። ደህና ነው አለኝ፤ አዳራሽ ግን ብዙም አይጠሩትም። የሆስፒታሉን ታሪክ የትም ተናግሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩ። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«አንዳንዴ ሠርግ ላይ ይጠሩታል» አለኝ። «ስልኩን እንዲሠራ።»